ከቶንሲል በኋላ የሚመጣ የልብ ምት መዛባት፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር ወደ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ታካሚ «የልብ ምቴ ተዛባ» አይልም፤ «ልቤ ድው ድው ይላል፣ ዳገት ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኛል» ነው የሚለው። የመጀመሪያው ምርመራ ሰዓት ብቻ ይጠይቃል፤ በአውራ ጣት በኩል ባለው የእጅ አንጓ ላይ ሁለት ጣት አሳርፎ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ምቱ የተዛባ ከሆነ 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት ያሳስታል።

ምልክት፦ ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ከታመመ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በኋላ ያተኩሰዋል፤ እብጠቱ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ይዘዋወራል፤ ልቡም ተኝቶ ሳለ እንኳ ይፈጥናል።

መንስኤው የሩማቲክ ትኩሳት ነው፤ ሰውነት የጉሮሮውን ስትሬፕቶኮከስ ባክቴሪያ ለመከላከል ያስነሣው ኃይል የልብን ሥጋ እንደ ጠላት ቆጥሮ ያስቆጣዋል። እንጥል ማስቆረጥ ባክቴሪያውን አያጠፋም፤ ይልቁንም ለደም መፍሰስና ለሌላ ኢንፌክሽን ያጋልጣል። መፍትሔው የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ፣ ዕረፍትና ሐኪም የሚያዝዘው የተቆጣውን ሥጋ ማብረጃ መድኃኒት ነው። በኢሲጂ፣ ማለትም የልብን የኤሌክትሪክ መልእክት በሚመዘግበው መሣሪያ፣ የሚታየው የመልእክቱ መዘግየት የልብ ሥጋ ቁጣው ሲበርድ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይስተካከላል።

ምልክት፦ ከዓመታት በኋላ፣ ብዙውን ጊዜ በእርግዝና ወቅት፣ ምቱ ምንም ሥርዓት ያጣል፤ ደረት ላይ 120 ሲቆጠር አንጓ ላይ 90 ብቻ ይገኛል፤ ከምቶቹ ከፊሉ ደካማ በመሆኑ እጅ ድረስ አይዘልቅምና።

መንስኤውን ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ያሳያል። የግራው የልብ በር በጠባሳ ስለጠበበ ከበላዩ ያለው ክፍል ተለጥጦ በሥርዓት በመምታት ፈንታ ይንቀጠቀጣል፤ በውስጡ የሚተኛው ደም ይረጋል፤ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ግማሽ አካልን ያሽመደምዳል። ስለዚህ ምቱን በቤታ ብሎከር ወይም በዲጎክሲን ማዘግየት ብቻውን አይበቃም፤ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው ዋርፋሪን ያስፈልጋል፤ ደሙ ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚለካው አይኤንአር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤትም ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው አዲሱ መድኃኒት ሪቫሮክሳባን ለእነዚህ ታካሚዎች ከዋርፋሪን መሰል መድኃኒቶች አይሻልም፤ ሞትም በእሱ በዝቷል። እዚህ ላይ የጾም ነገር ይመጣል፤ ጎመን የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚቀንስ፣ በፍስክ እምብዛም ሳይበሉ በሁዳዴ በየቀኑ መብላት ምርመራውን ያዛባል። መጠኑን በሁለቱም ወቅት ማቀራረብ ከመከልከል ይሻላል። ዋርፋሪን ጽንስን ሊጎዳ ስለሚችል ማርገዝ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር። ጠበል የሚጠመቅም ኪኒኑን ይዞ ይሂድ።

የፔኒሲሊኑ መርፌ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይቀጥላል፤ የልብ በር ከተጎዳ ቢያንስ ለ10 ዓመት ወይም እስከ 40 ዓመት ዕድሜ፣ ከሁለቱ የሚረዝመው። ራስን መሳት፣ የአፍ መጣመም፣ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ማጣት ከታየ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።