«ሁሉም ይዞ ይገባል» እያልን በሰው አገር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት ዋሽንግተን ዳላስ አየር ማረፊያ ሻንጣዬን ጋሪ ላይ ስጭን አንድ ትንሽ ውሻ መጣ። ጆሮው የተንጠለጠለ፣ ሲያዩት የሚያሳሳ። ሻንጣዬን አሸተተና አጠገቡ ቁጭ አለ። አልጮኸ፣ አልቧጨረ። ቀና ብሎ ገመዱን የያዘችውን መኮንን ብቻ አያት። ለካስ እሱ ቁጭ ካለ እኔ አለቀልኝ ማለት ነው። ሻንጣው ውስጥ አክስቴ በሦስት ፌስታል ጠቅልላ የሰጠችኝ ቋንጣ ነበር።

«ሁሉም ይዞ ይገባል»

አክስቴ ያለችኝ ይህንኑ ነው። «ኧረ ወዲያ፣ ሁሉም ይዞ ይገባል!» አልዋሸችም፣ ብዙ ሰው ያልፋል። ግን የሚያወራው ያለፈው ነው። የተያዘ ሰው አፍሮ ዝም ይላል። እኔም እስከ ዛሬ ዝም ብዬ ነበር።

ከእኛ አገር ሥጋ፣ ደርቆም ቢሆን፣ አሜሪካ አይገባም። የሚፈሩት አፍተግርን የመሰለ የከብት በሽታ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከእኛ አገር በሚመጣ መንገደኛ ሻንጣ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ አያስገቡም። ያ የተነጠረ ቅቤም እዚያው ውስጥ ነው።

የእኔ ዋናው ስህተት ግን ቋንጣው አልነበረም። «ምግብ ይዘሃል?» ስባል «የለም» ማለቴ ነው። አሜሪካ ጉምሩክ ላይ የያዘውን የተናገረ ሰው የተከለከለው ዕቃ ይወሰድበታል እንጂ አይቀጣም። የደበቀ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ በተለምዶ 300 ዶላር፣ ሲብስ እስከ 10,000 ዶላር ሊከፍል ይችላል። ስለዚህ በርበሬና ሽሮም ብትይዙ «አዎ» በሉና አሳዩ። አክስቴ እስከ ዛሬ ቋንጣው እንዴት እንደነበር ትጠይቀኛለች። ጣፍጦኝ ነበር እላለሁ።

«ይቺን ብቻ አድርስልኝ»

ይሄኛው ከቋንጣም ይከፋል። እኛ አደራ አልቀበልም ማለት አንችልበትም። ልትበሩ ሦስት ሰዓት ሲቀር የጎረቤት እናት በፕላስተር ዙሪያውን የተጠቀለለ ካርቶን ይዘው ይመጣሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ ልጃቸውን አራት ዓመት አላዩትም። ማን እምቢ ይላል?

ከዚያ ቦሌ ላይ «ሻንጣውን ራስህ ነህ ያሸግከው? ሰው የሰጠህ ዕቃ አለ?» ሲባል አፋችን በልማድ ይመልሳል። ጥያቄው ግን የወግ አይደለም። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው ስም የእናንተ ነው። ውስጡ ዕፅ ቢገኝ «የሰው ነው» የሚለው መልስ የትም አገር ፖሊስ ጣቢያ በየቀኑ የሚሰማ ነው። ማንም አያምናችሁም።

መፍትሔው ጠብ አይጠይቅም። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ እያዩ ልክፈተው፣ ሕግ ሆኖብኝ ነው» በሉ። ንጹሕ አደራ የሰጠ ሰው አይቀየምም፣ መቀስ ያቀብላል። የተሰፋ ትራስና የታሸገ ቆርቆሮ ግን፣ መክፈት ካልተቻለ ይቅር።

«እኛ አገር ክልክል አይደለም»

ጫት እዚህ በየመንደሩ ይሸጣል። ለንደን ውስጥም እ.ኤ.አ. እስከ ሰኔ 2014 ድረስ በሕጋዊ መንገድ ከሱቅ ይገዛ ነበር። ዛሬ እዚያ ወንጀል ነው። ኔዘርላንድስ ከዚያ በፊት በ2013 ዘግታዋለች። አሜሪካ ደግሞ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር ከሄሮይን ጋር በአንድ ምድብ አስቀምጣዋለች። «የሻይ ቅጠል» ብሎ ጽፎ መላክ ነገሩን ያባብሰዋል እንጂ አይሸፍነውም። እስራኤል ውስጥ በአንጻሩ ትኩሱን ቅጠል መቃም አይከለከልም፤ የየመን አይሁዶች ከጥንት የያዙት ልማድ ነው። ዱባይ ግን ያው ቅጠል ያሳስራል።

መድኃኒት ላይም እንዲሁ ነው። ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት ማስታገሻ ወደ ተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከመያዛችሁ በፊት የሐኪም ማዘዣ ብቻውን አይበቃም፣ ከአገሩ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቀድሞ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል። ጃፓን ደግሞ ፕሱዶኤፌድሪን የበዛበት ተራ የጉንፋን ክኒን ትከለክላለች። ለጉንፋን መታሰርን አስቡት።

«በዋትስአፕ ነው የሰደብኩት»

ኤምሬቶች ውስጥ ብዙ ወገን አለን፣ ይህንን ደጋግሞ መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው የሳይበር ወንጀል ሕግ መሠረት ሰውን በስልክ መልእክት መስደብ ክስ ያስከትላል፤ መቀጮው ከ250,000 ድርሃም ይጀምራል። ሰው ሳያውቅ ቪዲዮ ቀርጾ ቲክቶክ ላይ መልቀቅም ያስጠይቃል። እኛ «ተናድጄ ነው» የምንለው ነገር እዚያ የተጻፈ ማስረጃ ነው። ስትናደዱ ስልኩን አስቀምጡት።

«ነውር እንጂ ወንጀል አይደለም»

አንዳንዴ እውነት ነው። ታይላንድ ውስጥ የሕፃን ራስ መዳበስ አያሳስርም። እኛ «እደግ!» ብለን የምንባርክበት እጅ ግን እዚያ ያሳፍራል፤ ራስ የተከበረ የሰውነት ክፍል ነው። ጃፓን ባቡር ውስጥ ስልክ ላይ መጮህም ፖሊስ አያስጠራም፣ ፊት ያስጠቁራል እንጂ።

ችግሩ ነውሩና ወንጀሉ የት ጋ እንደሚለያዩ እንግዳ አለማወቁ ነው። እዚያው ታይላንድ ውስጥ ንጉሡን መዝለፍ ለአንዱ ጥፋት ብቻ ከ3 እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። ፌስቡክ ላይ የተጻፈ ቀልድም ይቆጠራል።

«የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንላለን፣ ግን የራሳችንም በሬ ይረሳል። ለእህቱ ሰርግ ድሮን ይዞ የሚመጣ ዲያስፖራ ያለ ፈቃድ ቦሌ ሲደርስ ይያዝበታል። «አገሬ አይደለም እንዴ?» ይላል። አገሩ ነው፣ ድሮኑ ግን ፈቃድ ይፈልጋል።

«ኤምባሲው ያስፈታኛል»

አያስፈታም። ኤምባሲ ሊጎበኛችሁ፣ ለቤተሰብ ሊነግር፣ ጠበቃ እንድታገኙ ሊረዳ ይችላል። ፍርድ ቤቱን ግን አያዝም። እ.ኤ.አ. በ1963 በተፈረመው የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት መሠረት የታሰረ የውጭ ዜጋ ለቆንስላው እንዲነገርለት የመጠየቅ መብት አለው። ፖሊሱ ባይነግራችሁም እናንተ ጠይቁ። ማንበብ በማትችሉት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ፣ «ፈርመህ ሂድ» ቢሏችሁም፣ አስተርጓሚ ሳይመጣ አትፈርሙ። ስልካችሁ ስለሚወሰድ የኤምባሲውን ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱት።