ሴሚስተሩም ቢቱም፦ ከማራኪ ዶርም

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ካምፓስ፣ አካውንቲንግ ነው የምማረው። ከትምህርት በተረፈኝ ሰዓት በላፕቶፕ ሙዚቃ እሠራለሁ። ማሲንቆና ከበሮ ከሲንት (ኤሌክትሮኒክ ድምፅ ማውጫ) እና ከኪክ (የክለብ ሙዚቃ ወፍራም ምት) ጋር የሚገናኙበት ዓይነት ሙዚቃ ነው። አዲስ ሴሚስተር በጀመረ ቁጥር ቢት (የሙዚቃ ማጀቢያ) መሥራት የሚወዱ ፍሬሾች መጥተው ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ግሬድሽ ሳይነካ እንዴት ነው የምትሠሪው?» መልሱ ረዘም ስለሚል ቁጭ ብዬ ጻፍኩላቸው።

«ሰዓታችሁን ከፋፍሉ» የሚለውን ምክር ሁላችሁም ሰምታችኋል። እኔ ግን ሰዓትን ከመከፋፈል በፊት የሚከፋፈል ሌላ ነገር አለ እላለሁ። እሱም ሥራው ራሱ ነው። ሙዚቃ መሥራት አንድ ሥራ አይደለም። ዜማ መፈለግ፣ የዘፈኑን መነሻና መድረሻ መወሰን፣ ቤዙንና ኪኩን ማስማማት ትኩስ ጭንቅላት ይፈልጋሉ። የተቀዳ ድምፅ መቆራረጥ፣ ፋይሎችን በስም መለየት፣ ጫጫታ ማጽዳት፣ የማይሠሩ ትራኮችን መሰረዝ ግን ደክሟችሁም ይሠራሉ። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ኮስት አካውንቲንግ ስማር ውዬ ዜማ አይመጣልኝም። የከበሮ ምት ግን አንድ በአንድ ቆርጬ ፎልደር ውስጥ ማስገባት አያቅተኝም።

ስለዚህ ሴሚስተሩ ሲጀመር ደብተራችሁ ላይ ሁለት ዝርዝር አውጡ። አንዱ የትኩስ ጭንቅላት ሥራ ነው፤ ሌላው የደከመ ጭንቅላት ሥራ። የመጀመሪያውን በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእሱ በተቀመጠ ሰዓት ሥሩት። የእኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ የዶርም ልጆች ልብስ ሊያጥቡ ወይም ገበያ ሊሄዱ ሲወጡ። ሁለተኛውን በሥራ ቀን ማታ፣ ጥናት ካለቀ በኋላ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሥሩት። ማክሰኞ ማታ ዜማ ካልመጣ ራሳችሁን አትውቀሱ። ማክሰኞ ማታ የዜማ ሰዓት አይደለም።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በመጀመሪያው ሳምንት ከየመምህሩ የኮርስ አውትላይን ተቀበሉ፤ ካልሰጡ ጠይቁ። ኩዊዙን፣ አሳይመንቱን፣ ሚዱን፣ ፕሬዘንቴሽኑን ሁሉ አንድ ወረቀት ላይ ገልብጡ። አውትላይኑ ላይ 5 ኢሲቲኤስ (የኮርሱ የሥራ ጫና መለኪያ) የሚል ካያችሁ፣ አንዱ ኢሲቲኤስ በ27 ሰዓት ሲሰላ 135 ሰዓት ይመጣል። 16 ሳምንት ላይ ስታካፍሉት በሳምንት ከ8 ሰዓት በላይ ነው፤ ክፍል የምትቀመጡበትም የምታጠኑበትም ተደምሮ። እንዲህ ያሉ አምስት ኮርሶች ካሏችሁ በሳምንት ወደ 42 ሰዓት ሄደ ማለት ነው። ይህን ሂሳብ ሳትሠሩ ለማንም «ቢት እሠራልሃለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ።

እዚያው ወረቀት ላይ በዓላቱንና ጾሞቹን ጻፉ። ጎንደር ላይ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ከተማው ሙሉ ፋሲለደስ መዋኛ ነው የሚገኘው። በዚያ ሰሞን ዶርም ቁጭ ብሎ የሚሠራ የለም፤ መሥራትም የለበትም። ዐቢይ ጾም ደግሞ 55 ቀን ነው። ብዙ አዝማሪ በጾም አይጫወትም፤ አብረዋችሁ የሚያድሩት ልጆችም ዘፈን መስማት ላይፈልጉ ይችላሉ። ረመዳንም እንደዚሁ። ማሲንቆ መቅዳት ከፈለጋችሁ ከቅበላ በፊት ጨርሱ። ጾሙ ሲገባ የተቀዳውን በኢርፎን የመቆራረጥ ሥራ ይቀጥላል።

መቅዳት ካልኩ ትንሽ ልቆይበት፤ በጣም የምወደው ክፍል ይህ ስለሆነ። ጎንደር የአዝማሪ አገር ናት። ከከተማው ወጣ ስትሉም እንደ ቡርቧክስ ያሉ የአዝማሪ መንደሮች አሉ። ከኢንተርኔት የወረደ የማሲንቆ ሳምፕል ይዞ እዚህ ከተማ ውስጥ መቀመጥ ያሳዝነኛል። የሴሚስተሩ የመጀመሪያ ሳምንታት ቀለል ስለሚሉ ለመቅዳት የሚመቹ እነሱ ናቸው።

አዝማሪ ቤት ማታ ሄዳችሁ ስልክ አትደቅኑ። ጭብጨባውና ሳቁ ይገባበታል፤ ተጫዋቹም ሥራ ላይ ነው። ቀን ሄዳችሁ በአክብሮት ጠይቁ። «ጋሼ፣ ተማሪ ነኝ፣ ሙዚቃ እሠራለሁ፣ ማሲንቆዎን ልቅዳ?» ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ፈቃደኞች ናቸው። ምን እንደምትሠሩበት ንገሯቸው። የድካማቸውን ዋጋ ከመቅዳታችሁ በፊት ተነጋገሩ። ዘፈኑ አንድ ቀን ገንዘብ ቢያመጣ ድርሻቸው ስንት እንደሆነም ያኔውኑ በወረቀት አስፍሩት።

ለመቅዳት ስልክ ይበቃል። ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፤ መቅጃ አፑን ዌቭ (ያልታመቀ የድምፅ ፋይል) እንዲቀዳ አስተካክሉት። መስኮትና በር ዝጉ። ከተጫዋቹ ጀርባ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ስቀሉ፤ የግድግዳውን ማስተጋባት ይውጠዋል። ስልኩን አንድ ክንድ ያህል አርቁት። መጀመሪያ እያንዳንዱን ድምፅ ለየብቻው ረዘም አድርገው እንዲስቡላችሁ ለምኑ፤ ከታች ወደ ላይ፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች። ቀጥሎ እንደፈለጉ ይጫወቱ። ያንን አታቋርጡ። ምርጡ የሚመጣው ያኔ ነው።

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው ያለው። ክሩ የሚቃኘው በተጫዋቹ ድምፅ ልክ ስለሆነ ከላፕቶፑ ፒያኖ ጋር አይገጥምም። ብዙ ልጆች ማሲንቆውን በፕሮግራም እየጎተቱ ከፒያኖው ጋር ሊያስተካክሉት ይታገላሉ። ለዛው ያኔ ይሞታል። እናንተ ሲንቱን ወደ ማሲንቆው አምጡት። ኤፍ ኤል ስቱዲዮ የሚባለው የሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ ጠቅላላውን ፒች (የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት) የሚያነሳና የሚያወርድ ቁልፍ አለ፤ በእሱ ሲንቶቹን ከማሲንቆው መነሻ ድምፅ ጋር አገናኟቸው።

ቅኝት የማታውቁ ከሆነ የዶርም ግድግዳ ላይ ይህን ለጥፉ። ከፒያኖው ሲ ሲነሳ (ፍላት ማለት በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ነው) ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው። ባቲ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። አንቺ ሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። በእርግጥ የማሲንቆው ድምፅ ከእነዚህ ፊደሎች ትንሽ ወጣ ገባ ይላል። የመጨረሻው ዳኛ ጆሯችሁ ነው።

ምቱም እንደዚሁ ነው። ፕሮግራሙ ሲከፈት 4/4 አድርጎ፣ እያንዳንዱን ቢት (እዚህ ላይ አንድ ምት ማለት ነው) ለአራት ከፍሎ ይጠብቃችኋል። ችክችካ የሚባለው የጭፈራ ምት ግን 6/8 ነው፤ ቢቱ የሚከፈለው ለሦስት ነው። ኪኩን በባር (አራት ምት በያዘው ክፍል) አራት ጊዜ እንደተለመደው ተዉት። ግሪዱን (ድምፅ የሚደረደርበትን መስመር) ወደ 1/3 ቢት ቀይሩና ከበሮውን በላዩ ደርድሩ። የክለቡ ኪክ ሳይጠፋ ትከሻ መንቀጥቀጥ ይጀምራል።

የቤተ ክርስቲያን ዜማና ጸናጽል ግን ቢት ውስጥ አላስገባም። ጥምቀት ላይ ስንት የሚያምር ድምፅ አለ፤ እሱን ቆሜ እሰማዋለሁ እንጂ አልቀዳውም። የባሕረ ጥምቀቱ መንገድ ላይ ወጣቱ የሚጨፍረው ጭፈራ ሌላ ነው፤ ልጆቹን አስፈቅዳችሁ ቅዱ።

ፕሮግራሙ የትኛውም ቢሆን ግድ የለኝም፤ በሴሚስተር መሃል ግን አትቀይሩ። አዲስ ፕሮግራም መልመድ የትኩስ ጭንቅላት ሥራ ነው፤ ቅዳሜያችሁን ሁሉ ይበላል። ገንዘብ ከሌላችሁ ኤል ኤም ኤም ኤስ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው። ሰርጅ ኤክስ ቲ የሚባለው ሲንትም ነፃ ነው፤ ጥሩ ድምፅ አለው። የኤፍ ኤል ስቱዲዮ መሞከሪያ ሥራችሁን ያስቀምጣል፤ ዘግታችሁ ስትመለሱ ግን ያስቀመጣችሁትን ፕሮጀክት አይከፍትም። በእሱ የምትሠሩ ከሆነ ከመዝጋታችሁ በፊት ድምፁን ዌቭ አድርጋችሁ አውጡ።

አብዛኞቻችን አሳይመንት የምንጽፈውም ቢት የምንሠራውም በአንድ ላፕቶፕ ነው። እሱ ከተበላሸ ሁለቱም ቆሙ። ፕሮጀክቱ ከብዶ ላፕቶፑ መንተባተብ ሲጀምር ከባዶቹን ሲንቶች ወደ ዌቭ ቀይሯቸውና ሲንቱን አጥፉት። በፈር ሳይዙን (ላፕቶፑ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን) ዜማ ስትጫወቱ 128 ወይም 256፣ ሚክስ ስታደርጉ (ድምፆቹን ስታመጣጥኑ) 1024 አድርጉት። በ44.1 ኪሎኸርዝ 1024 ማለት 23 ሚሊሰከንድ ገደማ መዘግየት ነው፤ ለመጫወት ያስቸግራል፤ ለሚክስ ግን ምንም አይልም።

መብራት ይጠፋል። ላፕቶፑን ላይብረሪ ቻርጅ አድርጋችሁ ግቡ፤ ኦቶሴቭ በየ5 ደቂቃው ይሁን። ኤፍ ኤል ላይ ኮንትሮል ኤን ስትጫኑ ሥራው በአዲስ ቁጥር ይቀመጣል፤ የትናንቱም አይጠፋም። ቅዳሜ ሥራ ሲያልቅ ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ ላኩት፤ አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይቀበላል። 24 ቢት ስቴሪዮ ዌቭ በደቂቃ 16 ሜጋባይት ገደማ ስለሚይዝ አንድ ዘፈን ከነትራኮቹ በደንብ ይገባል። ዋይፋዩ ቀለል የሚለው ሌሊት ወይም ማለዳ ነው። አሳይመንቶቻችሁንም አብራችሁ ላኩ።

ስለ ጆሮ። ዶርም ውስጥ በኢርፎን ስለምንሠራና ጫጫታውን ለማሸነፍ ድምፁን ስለምንጨምር እሰጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል ላይ በሳምንት 40 ሰዓት ይፈቅዳል። 90 ዴሲቤል ላይ ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። ጫጫታ ሲበዛ ድምፅ ከመጨመር ሥራውን ለሌላ ሰዓት አሳድሩት። ላውንጅ ውስጥ ሚክስ አታድርጉ፤ እዚያ ያደረጋችሁት ሚክስ ጸጥ ባለ ቦታ ሲሰማ ተበላሽቶ ታገኙታላችሁ። ከዶርም ልጆች ጋርም በመጀመሪያው ሳምንት ተነጋገሩ። ስንት ሰዓት መብራት እንደሚጠፋ፣ ማን ሌሊት እንደሚያጠና ማወቅ ጠብ ያስቀራል።

በሴሚስተር አንድ ዘፈን ይበቃል። ብዙ ጎበዝ ልጆች ላፕቶፓቸው ውስጥ የስምንት ባር ሉፕ (እየተደጋገመ የሚሄድ ቁራጭ) ተከማችቶ አንድም ያለቀ ዘፈን የላቸውም። አዲስ ሉፕ መጀመር ደስ ይላል፤ የሚያስተምራችሁ ግን መጨረሱ ነው። እስከ ሚድ ድረስ የዘፈኑ አጥንት ይቁም፦ መግቢያው፣ መሃሉ፣ መውጫው። ከሚድ በኋላ አዲስ ድምፅ አትጨምሩ፤ ያለውን አስተካክሉ።

ሚድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቅዳሜ ጠዋትን ለትምህርት ስጡ። የማታዋ ግማሽ ሰዓት ትቀጥል። ፋይናል ሲመጣ ግን ፕሮግራሙን ሙሉ በሙሉ ዝጉ። ለፈተና የሚያስፈልገው ትኩስ ጭንቅላት ለዜማ ከሚያስፈልገው ጋር አንድ ነው፤ ሁለት ቦታ አይውልም። ሽምደዳውም ዜማውም በአንድ ሌሊት ሲሆኑ ሁለቱም ይበላሻሉ። በዚያ ሰሞን የሚፈቀደው ማዳመጥ ብቻ ነው። የደረሰበትን ስልካችሁ ላይ ጫኑትና ከዶርም ወደ ክፍል ስትሄዱ ስሙት። «1:20 ላይ ቤዙ በዝቷል» ብላችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። ዜማ ድንገት ቢመጣ ስልክ ላይ አንጎራጉሩና ወደ ጥናታችሁ ተመለሱ።

ፋይናል ባለቀ ማግሥት ያንን ደብተር ይዛችሁ ተቀመጡ። አዲስ ጆሮ ይዛችሁ ስለምትመጡ ስህተቱ ቶሎ ይታያችኋል። ሚክሱን በኢርፎን ብቻ አትመኑት፤ በስልክ ስፒከር፣ በፒያሳ ካፌ፣ ባጃጅ ውስጥ አስከፍቱት። ባጃጅ ውስጥ ከሞተሩ ጋር ታግሎ ማሲንቆው ከተሰማ ሚክሱ ደህና ነው። ካልተሰማ ሲንቶቹን ዝቅ አድርጉ፤ ማሲንቆውን ከፍ ከማድረግ ይሻላል።

ለሰው ከመልቀቃችሁ በፊት ማሲንቆውን ለተጫወቱት ሰው ወስዳችሁ አሰሙ። «ይህቺን አውጫት» ካሉ አውጡት። ስማቸውን ከስማችሁ ጎን ጻፉ፤ እንዴት እንዲጻፍ እንደሚፈልጉም ጠይቋቸው።