የደም ግፊትዎን ቤትዎ ሲለኩ

ከለገሃር ተነስተው በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ወጥተው፣ ማዘጋጃ ቤት አካባቢ ፋርማሲ ገብተው ትንፋሽዎ ሳይመለስ ቢለኩ፣ የሚያገኙት ቁጥር የዳገቱን ድካምም ይዟል። በእንዲህ ያለ አንድ ቁጥር መድኃኒት መጀመርም ሆነ ማቆም አይገባም። ረጋ ብሎ ቤት መለካት ይሻላል።

መለኪያው የላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰር ዲጂታል ይሁን፤ የእጅ አንጓው ዓይነት እጅ ትንሽ ሲዛነፍ ይሳሳታል። ከመግዛትዎ በፊት የክንድዎን ዙሪያ በትከሻና በክርን መሀል በሜትር ይለኩና መጠቅለያው (ክንድ ላይ የሚታሰረው ጨርቅ) ላይ ከተጻፈው ጋር ያስተያዩ። መጠቅለያው ከጠበበ ግፊትዎን ከእውነቱ አስበልጦ ያሳያል።

ጠዋት ሽንት ቤት ደርሰው ሲመለሱ፣ ከመድኃኒትና ከቡና በፊት ይለኩ። ቡና ከጠጡ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ በአቦልና በቶና መሀል የሚለካ ግፊት አይታመንም። በርጩማ አይሆንም፣ ጀርባ የሚደገፍበት ወንበር ያስፈልጋል። እግር ሳያነባብሩ፣ ሁለቱንም መሬት አስረግጠው 5 ደቂቃ ዝም ብለው ይቀመጡ። ሹራብ ወደ ላይ ተጠቅልሎ ክንድ ካነቀ ልኬቱ ይበላሻል፤ እጅጌውን ያውልቁት። መጠቅለያው ከክርን እጥፋት 2 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ ባዶ ክንድ ላይ ይታሰር፤ ክንዱ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ክንድ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ቁጥሩ ይጨምራል። ማውራትም እንደዚሁ ነው፤ እንግዳ ከገባ ሰላምታው ይቆይ።

በ1 ደቂቃ ልዩነት ሁለቴ፣ ጠዋትና ማታ፣ ለ7 ቀን ይለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ይተዉትና የቀሩትን 24 ልኬቶች አማካይ ያውጡ። አማካዩ የላይኛው ቁጥር 135 ወይም የታችኛው 85 ከደረሰ ወይም ካለፈ ሐኪም ይይዎት። (ጤና ተቋም ሲለካ ወሰኑ 140/90 ነው።)

180/120 እና ከዚያ በላይ ካዩ 5 ደቂቃ አርፈው ይድገሙ። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የዓይን ብዥታ ወይም የአፍ መተሳሰር ካለ ግን መድገም አያስፈልግም፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ነው።

መድኃኒት እየወሰዱ ቁጥሩ 120/80 ሲሆን «ተሽሎኛል» ብለው የሚያቋርጡ ብዙ ናቸው። ያወረደው መድኃኒቱ ነው፤ ሲቋረጥ ተመልሶ ይወጣል። መጠኑን ሐኪምዎ እንዲወስን ልኬቶቹን የጻፉበትን ደብተርም መለኪያውንም ይዘው ይሂዱ፤ እዚያው ከክሊኒኩ መለኪያ ጋር ይመሳከራል።