ለገና መምጣት ሌላ፣ ጠቅልሎ መግባት ሌላ

በየዓመቱ ለገና አዲስ አበባ የምትመጡ ዳያስፖራዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። ፀሐይ አለ፣ ሰርግ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ዘመድ ተራ ገብቶ ይጋብዛችኋል። ሜሪላንድ ወይም ስቶክሆልም በረዶ ውስጥ ስትመለሱ ታዲያ «ለምን ጠቅልዬ አልገባም?» ማለት ይመጣል። ግቡ፣ ማን ከለከለ! ግን እዚያ ያለውን ቤት ከመሸጣችሁ በፊት አንድ ክረምት እዚህ ኑሩ።

ሐምሌና ነሐሴን ማለቴ ነው። ሰርግ የለም፣ የአጎት ልጆች ሥራ ላይ ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ይወርዳል፣ መብራትም ይጠፋል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ቤቶቹ ደግሞ ማሞቂያ የላቸውም። ስንት ዓመት ሚኒሶታ የኖረ ሰው እዚህ ሳሎን ውስጥ ጃኬት ለብሶ ይቀመጣል። ዘመድ ቤት አትረፉ፤ ራሳችሁ ተከራዩ፣ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ሮቶ ሙሉ፣ ወረዳ ሄዳችሁ ተሰለፉ፣ «ሲስተም የለም» ተብላችሁ ተመለሱ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ልባችሁ እዚሁ ከሆነ ወደ ወረቀቱ እንሂድ።

የሌላ አገር ዜግነት ከወሰዳችሁ ኢትዮጵያዊ ዜግነታችሁ ቀርቷል። የ1996ቱ የዜግነት አዋጅ ጥምር ዜግነት አይፈቅድም። መፍትሔው ቢጫ ካርድ ነው፣ ማለትም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ። እሱን ከያዛችሁ ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ የመኖሪያም የሥራም ፈቃድ አትጠየቁም፣ ቤት መግዛት ትችላላችሁ። መምረጥና መመረጥ ግን የለም፤ መከላከያ፣ ደህንነትና ውጭ ጉዳይም አትቀጠሩም። ብዙ ሰው የሚቸገረው ስም ላይ ነው። የድሮው የኢትዮጵያ ፓስፖርት ላይ ያለው ስምና የአሁኑ ካልገጠመ ስሙ የተቀየረበትን ማስረጃ ያዙ። የጋብቻ፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃዎቻችሁንም እዚያው ሳላችሁ በኢትዮጵያ ኤምባሲ አስረጋግጡ፤ እዚህ ከደረሱ በኋላ ማሯሯጥ ትርፉ ድካም ነው።

ገንዘብ ላይ ጠንከር ብዬ ልናገር። ያላችሁን ሁሉ በአንዴ ወደ ብር አትቀይሩ። ሐምሌ 2016 ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ 100ን አልፏል፤ ከዚያ በፊት ሁሉን መንዝሮ ባንክ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደተሰማው አስቡት። ባንኮች የዳያስፖራ ሂሳብ በውጭ ምንዛሬ ይከፍታሉ፣ እዚያ አስቀምጡና ለወጪ የሚበቃችሁን ብቻ መንዝሩ። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ አዲስ አበባ ብትኖሩም በየዓመቱ ታክስ ማሳወቅ አይቀርም፤ ከአሜሪካ ውጭ ያሉት ሂሳቦቻችሁ ተደምረው ከ10,000 ዶላር ካለፉም ያንን ለብቻው ታሳውቃላችሁ። ጡረተኞች ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የሶሻል ሴኩሪቲ (የአሜሪካ ጡረታ) ክፍያ እዚህም ይደርሳችኋል፣ ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን) ግን እዚህ አይሠራም። ለሕክምና የራሳችሁ ኢንሹራንስ ወይም ተቀማጭ ያስፈልጋችኋል።

ቤት ስትከራዩ ደላላው አነጋገራችሁን ሰምቶ ዋጋ እንዳይቆልል ድርድሩን እዚህ ለሚኖር ሰው ተዉት። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውሉ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲሆን ያዛል፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ሲላችሁ ይህን አስታውሱት። መግዛት ከሆነ ሳትቸኩሉ፤ ካርታውን መሬት አስተዳደር ሄዳችሁ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ብር አትስጡ፣ ውሉንም ውልና ማስረጃ ፊት ፈርሙ። ለወንድምም ቢሆን የምትሰጡት ውክልና ምን ማድረግ እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል በግልጽ ይጻፍበት። ይህን ማለት ዘመድ መጠርጠር አይደለም፤ እንዲያውም ከዘመድ ጋር ፍርድ ቤት ከመተያየት ያድናል። መኪና እጭናለሁ የምትሉ ደግሞ፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል።

ዘመድን ካነሳን አይቀር፣ እንግዳ ሳላችሁ ኪሳችሁ ክፍት ነበር። አሁን ነዋሪ ናችሁ። በወር ለቤተሰብ ስንት እንደምትሰጡ ከመጀመሪያው ወስኑ፣ «ዳያስፖራው አለልን» የሚለው ወሬ ሰፈር ሳይዳረስ። ከዚያ የሰፈሩን እድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ ፈልጉና ተመዝገቡ። መግቢያና ወርሃዊ መዋጮ አለው፣ ለቅሶ ላይ አለመገኘትም ያስቀጣል። በደንብ ያልተዋወቃችሁትን ጎረቤት የምትተዋወቁት እዚያ ስለሆነ ስብሰባው አይቅርባችሁ።