በቤተሰብ ሐኪም ክሊኒክ በአግባቡ እንዴት መታከም እንደሚቻል፦ ከምዝገባ እስከ ውጤት ክትትል

የቤተሰብ ሐኪም ሕፃኑንም አዛውንቱንም፣ የሰሞኑን ጉንፋንም ለዓመታት የቆየውን የስኳር በሽታም የሚከታተል ሐኪም ነው። ክሊኒኩ ስለ ቀጠሮ፣ ስለ መድኃኒት ማዘዣና ስለ ላቦራቶሪ ውጤት የሚያወጣቸው ደንቦች ለታካሚው የቢሮ ጣጣ መስለው ሊታዩት ይችላሉ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የወጡት የታካሚው ጉዳይ ከሐኪም ወደ ላቦራቶሪ፣ ከላቦራቶሪ ወደ ነርስ፣ ከነርስ ወደ ፋርማሲ ሲተላለፍ መሐል ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ነው። ታካሚው በእነዚህ መተላለፊያዎች ላይ ምን ማድረግ እንዳለበት ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ቀርቧል።

1. ሲመዘገቡ

መታወቂያዎን፣ የጤና መድን ካለዎት የመድን ካርድዎን፣ ቀድሞ የታከሙበት ወረቀት ካለም እሱን ይዘው ይሂዱ። በመጡ ቁጥር ሙሉ ስምዎንና የልደት ቀንዎን ቢጠየቁ አይሰልቹ፤ ሁለቱ አብረው የሚጠየቁት የሞክሼዎ ካርድ ከእርስዎ ካርድ ጋር እንዳይቀያየር ነው። ስልክ ቁጥርዎ ሲለወጥ ሳይውል ሳያድር ያስመዝግቡ፤ አሳሳቢ ውጤት ቢገኝ ክሊኒኩ የሚፈልግዎ በዚያው ቁጥር ነውና።

2. ቀጠሮ ሲይዙ

ሲደውሉ ችግርዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገሩ። ጥያቄው የሚቀርበው ለወሬ ሳይሆን የቀጠሮውን ርዝመት ለመወሰን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ ሰው ወይም አጠቃላይ ምርመራ የሚፈልግ ሰው፣ ጉሮሮውን ብቻ ካመመው ሰው የበለጠ ጊዜ ያስፈልገዋል። ሦስት ጉዳይ ካለዎት ሦስት መሆኑን አስቀድመው ይናገሩ። ምክንያቱን በስልክ መግለጽ ካልፈለጉ ደግሞ «የግል ጉዳይ ነው፣ ለሐኪሙ እነግራለሁ» ማለት ይበቃል። መምጣት ካልቻሉ ቀጠሮውን በጊዜ ይሰርዙ፤ ብዙ ክሊኒኮች ቢያንስ የ24 ሰዓት ማሳወቂያ ይጠይቃሉ፣ የተለቀቀውም ሰዓት በዚያው ቀን ለታመመ ሌላ ሰው ይሰጣል።

ቀጠሮ የማይያዝላቸው ሕመሞችም አሉ። ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ የደረት ሕመም፣ ከባድ የትንፋሽ ማጠር፣ የማይቆም ደም፣ በድንገት የፊት በአንድ በኩል መጣመም፣ የእጅ መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር ከታየ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ወይም አምቡላንስ መጥራት ይገባል። በተለይ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ የአንጎል ምት ምልክቶች ስለሆኑ የጀመሩበትን ሰዓት ይመዝግቡ፤ የረጋ ደምን የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው ሕመሙ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነውና።

3. ከመሄድዎ በፊት

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ከረጢት ጠቅልለው ይዘው ቢሄዱ ከማንኛውም ዝርዝር ይሻላል፤ ስሙም፣ ሚሊግራሙም፣ የታዘዘበት ቀንም እማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ያለ ማዘዣ የገዙት፣ ቫይታሚንና የባህል መድኃኒትም አብሮ ይግባ። ለምሳሌ በቀላሉ የሚገዛው ኢቡፕሮፌን የደም ግፊትን ከፍ ሊያደርግና ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፤ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው አስፕሪን ሲጨምርበት ደግሞ የመድማት አደጋው ይጨምራል።

መድኃኒቱን ካልወሰዱት እንዳልወሰዱት ይናገሩ። ይህን አጥብቄ የምለው፣ በዝምታ የሚደበቅ ነገር ቢኖር ይኸው ስለሆነ ነው። ታካሚው የግፊት ኪኒኑን በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እየዋጠ «በየቀኑ እወስዳለሁ» ካለ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልሠራም ብሎ መጠኑን ይጨምራል፤ ታካሚውም በሌላ ጊዜ ሙሉውን ሲወስድ ግፊቱ ከሚገባው በታች ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ዋጋው ከብዶት፣ ሳል አስነሥቶበት ወይም ረስቶት ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ የተለየ መፍትሔ አለ።

አለርጂ ካለብዎ የመድኃኒቱን ስም ብቻ ሳይሆን ምን እንዳደረገብዎ ጭምር ይንገሩ። ፊትና ጉሮሮ ማበጥ አንድ ነገር ነው፣ ሆድ መታወክ ሌላ ነው፤ ሁለተኛው በአብዛኛው የጎንዮሽ ጉዳት ነው። በካርድ ላይ በስሕተት «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ የተጻፈበት ሰው ለሕመሙ ተመራጭ የሆነውን መድኃኒት ሳያገኝ ይቀራል።

አንዳንድ የደም ምርመራዎች ከ8 እስከ 12 ሰዓት ምግብ ሳይበሉ መቆየትን ይጠይቃሉ፤ ውኃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ባልበላበት ጠዋት ምን ያህል መውሰድ እንዳለበት አስቀድሞ ሳይጠይቅ መሄድ የለበትም። ለግፊት ልኬት ደግሞ ከ30 ደቂቃ በፊት ጀምሮ ቡና አይጠጡ፣ ሲጋራ አያጭሱ፤ ሽንትዎን ሸንተው፣ ጀርባዎን አስደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ይረፉ፣ በሚለኩበትም ጊዜ አይነጋገሩ።

4. ሐኪሙ ዘንድ ሲገቡ

በጣም ያሳሰበዎትን ነገር መጀመሪያ ይናገሩት። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው የሚያነሡት ጉዳይ ዋናው ከሆነ፣ የሚገባውን ጊዜ አያገኝም። ለሚደረግልዎ ሕክምና ፈቃድዎን ሲጠየቁ ጥቅሙን፣ ጉዳቱን፣ ሌላ አማራጭ መኖሩንና ባይደረግ የሚሆነውን ጠይቀው ከተረዱ በኋላ ይፈርሙ፤ እምቢ ማለትም መብት ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1981 እ.ኤ.አ. ሊዝበን ላይ ባወጣው የታካሚዎች መብት መግለጫ መረጃ የማግኘትና የምስጢር መጠበቅ መብቶች በግልጽ ሰፍረዋል። ሐኪሙ ያለ እርስዎ ፈቃድ ለትዳር ጓደኛዎ እንኳ አይነግርም፤ ሕግ እንዲገለጹ የሚያስገድዳቸው ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ሪፖርት የሚደረጉ ተላላፊ በሽታዎች ወይም በሕፃን ላይ የደረሰ ጥቃት፣ የተለዩ ናቸው። ገላን መግለጥ በሚጠይቅ ምርመራ ጊዜ ሌላ ባለሙያ አብሮ እንዲገኝ መጠየቅ ነውር የለበትም። ቋንቋ ካስቸገረ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ልጅን ስለ እናቱ ሕመም እንዲያስተረጉም ማድረግ ግን ለሁለቱም ከባድ ነው።

5. ከመውጣትዎ በፊትና ውጤት ሲጠብቁ

በእኔ አመለካከት ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ምን ምርመራ እንደታዘዘ፣ ውጤቱ መቼ እንደሚደርስ፣ ማንስ በምን መንገድ እንደሚነግርዎ ሳይጠይቁ አይውጡ፤ ቀኑንም ይጻፉት። የደም ሴሎች ቆጠራ በዚያው ቀን ሊደርስ ይችላል፤ የባክቴሪያ ካልቸር ግን ተሕዋስያኑ እስኪያድጉ ስለሚጠበቅ ብዙውን ጊዜ 2 ወይም 3 ቀን ይፈጃል፤ ከሰውነት ተቆርጦ የሚመረመር ናሙና ደግሞ ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። ቀኑ ካለፈ ይደውሉ። «ካልደወሉልኝ ደኅና ነኝ ማለት ነው» ብሎ መቀመጥ አደገኛ ነው፤ ናሙናው ተበላሽቶ ወይም ወረቀቱ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ቀርቶም ሊሆን ይችላልና።

ሐኪሙ ሳያየው ውጤቱ እጅዎ ቢገባና አንዱ ቁጥር ከተለመደው ልኬት ትንሽ ወጣ ቢል አይደንግጡ። ልኬቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው ከጤነኞች 95 በመቶውን እንዲይዝ ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ምርመራ ከ20 ጤነኞች አንዱ ከልኬቱ ውጭ ይሆናል። ትርጉሙን ሐኪሙ ከሕመምዎ ጋር አያይዞ ይንገርዎ።

6. መድኃኒት ሲያልቅና ሪፈር ሲጻፍ

የዘወትር መድኃኒትዎ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ አንድ ሳምንት ያህል ሲቀረው ማዘዣው እንዲታደስ ይጠይቁ፣ ክሊኒኩ ካርድዎን ለማየት የሥራ ቀናት ያስፈልጉታልና። «መጀመሪያ ይምጡና ይታዩ» ቢባሉ፣ ግፊቱን፣ የኩላሊቱን ሥራ ወይም የታይሮይድ ሆርሞኑን ሳይለኩ መድኃኒቱን መቀጠል ስለማይገባ ነው። ሱስ የሚያስይዙ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና የእንቅልፍ ኪኒኖች ጥብቅ ደንብ አላቸው። አንቲባዮቲክ በስልክ ሲጠይቁ ቢከለከሉ አይቀየሙ፤ ጉንፋን የሚመጣው ከቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አያድነውም።

ወደ ስፔሻሊስት ሲላኩ ቀጠሮውን የሚይዘው ክሊኒኩ ይሁን እርስዎ ለይተው ይወቁ። ሁለቱም ወገን ሌላኛው ይዟል ብሎ ሲጠባበቅ ወራት ያልፋሉ። ስፔሻሊስቱ የሚጽፈውን መልስም ለቤተሰብ ሐኪምዎ መድረሱን ያረጋግጡ፣ ቅጂውን ራስዎ ይዘው ቢመለሱ ይመረጣል።

7. ቅሬታ ሲኖርዎና ክሊኒክ ሲቀይሩ

ቅሬታን ቀኑንና የሆነውን ጠቅሶ ለክሊኒኩ ኃላፊ በጽሑፍ ማቅረብ፣ ኮሪደር ላይ ከመጨቃጨቅ ይሻላል። ወደ ሌላ ክሊኒክ የሚዛወሩ ከሆነ የመዝገብዎን ቅጂ ፈርመው ይጠይቁ፤ ሲረከቡም የክትባት ታሪክዎ፣ የመድኃኒት ዝርዝርዎ፣ የአለርጂ መረጃዎና የመጨረሻዎቹ የላቦራቶሪ ውጤቶች መካተታቸውን ከዚያው ሳይወጡ ይመልከቱ።