የድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ወደ ቀበሌው የመጣበት የጅማ አርሶ አደር መብቱን እንዴት ያስከብር?

በሌላው ዓለም የኃይል ሽግግር ሲነሳ የሚታሰበው የከሰል ማዕድን መዘጋት ነው፤ በጅማ ዞን፣ በተለይም በደልቢ ሞዬ የከሰል ክምችት አካባቢ ለሚኖር አርሶ አደር ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አገሪቱ ኤሌክትሪኳን በአብዛኛው ከውኃ ስለምታመነጭ ከሰሉ በዋናነት የሚፈለገው ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ሲሆን፣ መንግሥትም ከውጭ የሚገባውን በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት ቁፋሮውን ያበረታታል።

መሬቱ ለቁፋሮው ሊወሰድበት የሚችል አርሶ አደር መዘጋጀት ያለበት የካሳ ገማቾች ከመምጣታቸው በፊት ነው። በመሬት ማስለቀቂያና ካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት፣ በዘላቂነት የሚነሳ የገጠር ባለይዞታ ተመጣጣኝ ምትክ መሬት ካልተሰጠው የሚከፈለው የልማት ተነሺ ካሳ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛ ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ነው። ስለሆነም እሸት ቡናም ሆነ ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ሲሸጥ ከመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሚሰጠውን ደረሰኝ ከይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ጋር ማስቀመጥ ይገባል፤ ያለ ደረሰኝ ለሰብሳቢ የተሸጠ ቡና በግምት ወቅት ለማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የቡና ተክሉ ራሱ በንብረት ካሳ ለብቻው የሚታሰብ በመሆኑ ሁለቱ ክፍያዎች ተቀላቅለው አንድ ድምር ብቻ ከተነገረ ዝርዝሩን በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ማስለቀቂያው ዘላቂ ነው ወይስ ጊዜያዊ? በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ መጠየቅ ያለበት ይህ ነው። በጊዜያዊነት የሚለቅ ሰው መሬቱ እስኪመለስለት ድረስ በገቢው ልክ ይከፈለዋል፤ ነገር ግን ተቆፍሮ አፈሩ የተገለበጠ ማሳ ቡና ለማብቀል ዓመታት ስለሚፈጅበት፣ ማሳውን ማን እንደሚደለድልና የላይኛውን አፈር ማን እንደሚመልስ ፋብሪካዎቹ ነገ ሌላ ማገዶ ቢመርጡና ቁፋሮው ቢቆምም ጭምር አስቀድሞ መጻፍ አለበት። ቁፋሮው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚያጠናው የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሰነድም፣ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት ስለሆነ፣ የወንዝ ውኃና የጭነት መኪና መንገድ ጉዳይ የሚነሳው በዚያ ነው።

መሬት የሚያስለቅቀው ኩባንያው ሳይሆን የመንግሥት አስተዳደር ነው፤ ከኩባንያ ወኪል ጋር ብቻ ተነጋግሮ መፈረም አይመከርም። በካሳው ያልተስማማ ሰው የማስለቀቂያ ትእዛዙ በደረሰው በ30 ቀናት ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል፣ ከዚያም በውሳኔው ላይ በ30 ቀናት ውስጥ ለይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ያመለክታል፤ ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ትእዛዙ ከደረሰበት ዕለት በመሆኑ ቀኑ በደብዳቤው ላይ እንዲጻፍ ማድረግ ግድ ነው።