መኪና ፎቶ ለማንሳት ሌንሱን ቆይታችሁ ግዙ

የጎረቤታችን ጋሼ አንድ ቮልስ አላቸው። ውሃ ሰማያዊ። በዕድሜ ይበልጠኛል፤ ከኔ ይልቅ እሱ ቶሎ ቶሎ ይታጠባል። ካሜራ የገዛሁ ሰሞን መጀመሪያ ያነሳሁት እሱን ነው። ፎቶውን ሳሳያቸው መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩትና "ጎሽ፣ አንተ በደንብ ወጥተሃል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሩ ላይ ካሜራ የያዘ፣ ቢጫ ቲሸርት የለበሰ ሰው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከኋላው የተሰጣ ልብስ አለ። የውሃ ሮቶም አለ።

እኔ ግን ችግሩ የሌንስ መሰለኝ። ከውጭ በሚመጣ ዘመድ በኩል ውድ ሌንስ አስመጣሁ። ሌንሱ መጣ። የተሰጣው ልብስ ይበልጥ ጥርት ብሎ ታየ።

የታጠበ ላሜራ መስታወት ነው። መኪና ስናነሳ ግማሹ ፎቶ መኪናው ፊት ለፊቱ የሚያየው ነገር ነው። ስለዚህ ገንዘባችሁ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ነጸብራቅን ለመቆጣጠር ነው። ሌንስ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። እኔ ገልብጬ ጀምሬ ስለከሰርኩ፣ እናንተ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. በያዛችሁት ሌንስ መራቅ ልመዱ

ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ሌንስ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይበቃል (ቁጥሩ ሚሊ ሜትር ነው፤ ሲያንስ ሰፊ ያያል፣ ሲበዛ ያቀርባል)። ጥፋቱ 18 ላይ አድርጎ መኪናው ስር መገተር ነው። ከቅርብ ሲነሳ አፍንጫው ያብጣል፣ ኋላው ይኮማተራል። ቮልሱ እንቁራሪት ይሆናል። ብዙ ሰው ይህን ሌንሱ ያመጣው ያደርገዋል። ቅርፁን የሚያዛባው ግን ርቀቱ ነው። ሌንሱ የሚወስነው ከዚያ ርቀት ምን ያህሉ ፍሬም ውስጥ እንደሚገባ ብቻ ነው።

በቁጥር እንየው። ቮልስ ርዝመቱ 4 ሜትር ከምናምን ነው። ከጎን ሲነሳ የፍሬሙን ሁለት ሦስተኛ እንዲይዝ ትፈልጋላችሁ እንበል። አብዛኛው የጀማሪ ካሜራ በሚይዘው ኤፒኤስሲ በሚባል መጠን ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው ቺፕ)፣ 18 ላይ ከሆናችሁ 5 ሜትር ገደማ ላይ ትቆማላችሁ። 35 ላይ 9 ሜትር ተኩል፣ 50 ላይ 13 ሜትር ተኩል ያህል። የኔ ምርጫ የመጨረሻው ነው። ወደ 18 እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። ግቢያችሁ ካልበቃ መኪናውን ይዛችሁ ውጡ።

አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) ኤፍ 8 ላይ አድርጉ፤ መኪናው ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ይላል። ከዚያ ቁጢጥ በሉ። ካሜራው በፊት መብራቱ ቁመት ልክ ይሁን። ቆማችሁ ካነሳችሁት ጣራው ይበዛና መኪናው መጫወቻ ይመስላል። ከፊትና ከጎን አጣምራችሁ የምታነሱ ከሆነ መሪውን ከእናንተ በተቃራኒ አዙሩት። ያኔ የሚታየው ቸርኬው ነው፤ ካልሆነ የጎማ ጥርስ ታነሳላችሁ።

2. ሰዓቱንና የመኪናውን አቋቋም ምረጡ

ይህ ምንም ብር አይጠይቅም። ከሁሉም በላይ የሚሠራውም እሱ ነው።

እኩለ ቀን ላይ አታንሱ። ጣራውና ኮፈኑ ነጭ ሆነው ይቃጠላሉ፤ ከበሩ በታች ያለው ይጠቁራል። ጠዋት ወይም አመሻሽ ይሻላል። ከአውሮፓ የሚመጡ መመሪያዎች ወርቃማው ብርሃን አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆያል ይላሉ። እሱን አምናችሁ እንዳትዘገዩ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት፤ ፀሐይ ቁልቁል ነው የምትወድቀው። ቢጫው ብርሃን 25 ደቂቃ ያህል ነው የሚቆየው። ከጠለቀች በኋላ ደግሞ 20 ደቂቃ ገደማ ሰማያዊ ብርሃን ይኖራል። እኔ 11 ሰዓት ላይ ቦታው ደርሼ፣ መኪናውን አቁሜ፣ ጠርጌ እጠብቃለሁ።

ምርጡ ጊዜ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለው ሩብ ሰዓት ነው። የመኪናውን ጎን ወደ ምዕራብ አዙሩት። የሰማዩ ጠርዝ በሩ ላይ ረጅም ብሩህ መስመር ሆኖ ይዘረጋል። ይህን መስመር በስንትና ስንት መብራት መሥራት ይከብዳል፤ እዚህ በነፃ ነው። ከጀርባችሁ ያለው ቦታ ባዶና ክፍት ይሁን። እንጦጦ ላይ ስታነሱ ባሕር ዛፉን ከጀርባችሁ አታድርጉት፤ ላሜራው ላይ የሜዳ አህያ መስመር ያወጣል።

የመኪናው ቅርፅም ለውጥ አለው። ቮልስ ክብ ስለሆነ ዙሪያውን ያለውን ሁሉ አሳንሶ ይሰበስባል። መኪናውን ትንሽ ብታዞሩት ብዙም ለውጥ የለውም፤ መፍትሔው ክፍት ሜዳ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ከተማውን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች ግን ብዙዎቹ ሰፋፊና ለስላሳ ላሜራ አላቸው። እነሱን ጥቂት ዲግሪ ብታዞሯቸው ነጸብራቁ ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ስለዚህ ከመተኮሳችሁ በፊት ባለቤቱን "እስኪ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እስኪ መሪውን ሰብሰብ" እያላችሁ አድክሙት።

ክረምትን አትጥሉት። ደመና የለበሰ ሰማይ አንድ ትልቅ ለስላሳ መብራት ነው፤ ሐምሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ማንሳት ይቻላል። እርጥብ አስፋልት ደግሞ የመኪናውን ምስል መልሶ ይሰጣችኋል።

አንድ ነገር፦ በእጅ ስታነሱ ማንም አያያችሁም። ትራይፖድ ስትዘረጉ ግን ጥበቃ ከየትም ይመጣል። ቀድማችሁ ሰላም በሉና አስፈቅዱ። ከመንግሥት ተቋም፣ ከኤምባሲና ከጦር ካምፕ አካባቢ ራቁ።

3. የመጀመሪያው ግዢ፦ ፖላራይዘር

ሌንሱ ፊት ላይ የሚጠመድ፣ የሚዞር ጥቁር መስታወት ነው። ቀለበቱን ስታዞሩት የፊት መስታወቱ ላይ የተኛው ሰማይ ይጠፋና የውስጡ ወንበር ይታያል። ኮፈኑ ላይ ያለው ነጭ ግርዶሽ ይገፈፍና የቀለሙ መልክ ይወጣል። መጀመሪያ ሳየው አስማት መስሎኝ ነበር።

ግን ሁሉን አይችልም። ክሮም ላይ አይሠራም፤ ብረት ብርሃንን የሚመልሰው በሌላ መንገድ ስለሆነ የባምፐሩና የስፖኪዮው ነጸብራቅ እንዳለ ይቀራል። ፊት ለፊት ቆማችሁም አይሠራም። ከመስታወቱ ገደድ ብላችሁ ስትቆሙ ነው ኃይሉ የሚታየው። ሁሉንም ገጽ ባንዴ አያጸዳም። ስለዚህ በትራይፖድ አንዱን ፎቶ ለመስታወቱ፣ ሌላውን ለበሩ አስተካክላችሁ አንሱና በኋላ አዋህዷቸው። የጎን መስታወቶች ላይ ቀስተ ደመና ወይም ነጠብጣብ ካያችሁ አትደንግጡ። መስታወቱ ሲጠነክር የቀረ የውጥረት ምልክት ነው፤ ፖላራይዘሩ ያጎላዋል።

እስከ ሁለት ስቶፕ ብርሃን ይበላል (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ነው)። አመሻሽ ላይ ይህ ከባድ ነው።

ስትገዙ ለትልቁ ሌንሳችሁ የሚሆነውን ስፋት ግዙ። ለትንሹ መሸጋገሪያ ቀለበት ጨምሩለት፤ ቀለበቱ ርካሽ ነው። እኔ ለየሌንሱ አንዳንድ ገዝቼ አሁን ሁለቱ መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል።

4. ትራይፖድና ብርሃን በብሩሽ

የካሜራውን ፍላሽ እርሱት። ትንሽ መብራት ስለሆነ በሩ ላይ አንድ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ታርጋውንም ያቃጥለዋል። ፍላሽ ካላችሁ 3 ሜትር አቡጀዲ ገዝታችሁ በሁለት እንጨት ወጥሩና ፍላሹን ከጀርባው አድርጉት። ያኔ መኪናው የሚያየው ፍላሹን ሳይሆን ሰፊውን ነጭ ጨርቅ ነው።

ከዚህ በላይ የምወደው ግን የማታ ሥራ ነው። ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሌላው ሲያማርር እኔ ትራይፖድ ይዤ እወጣለሁ። የሚያስፈልጋችሁ ረዘም ያለ የኤልኢዲ መብራት ነው። ተሠርቶ የሚሸጥ አለ። እኔ ግን ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ሪባን ኤልኢዲ ገዝቼ፣ 1 ሜትር አሉሚኒየም ላይ ለጥፌ፣ በነጭ ፕላስቲክ ሸፍኜ፣ በ12 ቮልት ባትሪ ነው የምሠራው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ይቁም፤ የሌንሱ ማረጋጊያ ይጥፋ። በባትሪ መብራት መኪናው ላይ ፎከስ አድርጉና ወደ ማንዋል ቀይሩት፤ አለበለዚያ ጨለማው ውስጥ ሲፈልግ ያድራል። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ኤፍ 8፣ 30 ሴኮንድ። ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ይሁን። ማንሻውን ስትጫኑ ካሜራውን እንዳትነቀንቁት የ2 ሴኮንድ ቆጣሪውን ተጠቀሙ።

ሹተሩ (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ሲከፈት መብራቱን ከጣራው ትንሽ ከፍ፣ ከመኪናው ጋር ትይዩ ይዛችሁ ከፊት እስከ ኋላ በእኩል እርምጃ ሂዱ። ብርሃኑ ወደ ላሜራው ይመልከት፤ ወደ ካሜራው ከዞረ ፎቶው ላይ የእሳት መስመር ይቀራል። ጥቁር ልብስ ልበሱ። አትቁሙ። የማይቆምና የማይበራ ሰው ካሜራው አይመዘግበውም። ሁለተኛውን ፎቶ ዝቅ ብላችሁ ለበሩ፣ ሦስተኛውን ለቸርኬዎቹ፣ አራተኛውን ለውስጡ አንሱ። የፊት መብራት ከፈለጋችሁ ፓርኪንጉን ለ2 ሴኮንድ ብቻ አብርታችሁ አጥፉ። የመኪናው ረጅም መብራት ሁሉን ነጭ ያደርጋል፤ የድሮ መኪና ባትሪም አያምንም።

ከዚያ ፎቶዎቹን ፎቶሾፕ ወይም በነፃ የሚገኘው ጊምፕ ላይ ደራርቡና "ላይተን" የሚለውን የማዋሃጃ ዘዴ ምረጡ። ከየፎቶው የበራው ብቻ ይወጣል። አሥር አንስታችሁ አራቱ ከሠሩ ጥሩ ማታ ነው። እርምጃው ካልተስተካከለ መስመሩ እዚህ ወፍሮ እዚያ ይቀጥናል። ልምምድ ነው። አንድ ጎረቤታችን ጨለማ ውስጥ መብራት ይዤ ቮልሱን ስዞር አይተውኝ፣ በማግሥቱ እናቴን ጠበል ውሰጂው ብለዋት ነበር።

ትራይፖዱ ከባድ ይሁን። ቀላሉ በነፋስ ይርገበገባል። የገዛችሁት ቀላል ከሆነ ቦርሳችሁን መሃሉ ላይ አንጠልጥሉበት።

5. የቦርሳው ጥቃቅን

ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ፦ አንዱ ለሌንስ፣ አንዱ ለመኪናው። ከላቫጆ እስክትደርሱ አቧራው ተመልሶ ይተኛል። ጥቁር ጨርቅ ያዙ፤ ክሮሙ ውስጥ ራሳችሁን ካያችሁ ከፊታችሁ ዘርጉት። ስትንበረከኩ ጉልበታችሁ ስር የምታነጥፉት ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት። ትርፍ ባትሪ። በቃ።

6. አሁን ሌንስ ግዙ

መጀመሪያ 50 ኤፍ 1.8። ከርካሾቹ አንዱ ነው፤ ኤፒኤስሲ ላይ፣ በትልቁ (ፉል ፍሬም) ሴንሰር ከ75 እስከ 80 የሚያሳየውን ያህል ያሳያል፣ ይህም ለመኪና ደስ የሚል ነው። ሙሉ መኪና ስታነሱ 1.8 አትክፈቱት፤ እሱ ለዓርማው፣ ለመሪው፣ ለዳሽቦርዱ ነው።

ሁለተኛ 55-250 ወይም 70-300። ርቃችሁ ስትቆሙ ከኋላ ያለው ከተማ ወይም ተራራ ይቀርብና መኪናው ላይ ይደገፋል። ሰፊ ሌንስ፣ ለምሳሌ 10-18፣ ለውስጡ ካልሆነ አትቸኩሉበት። እኔ ያንን ውዱን ያስመጣሁት ሰፊ ሌንስ ነበር፤ አሁን በዓመት ሁለቴ አወጣዋለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ በባትሪ መብራት ውስጡን እዩ። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ ዋጋው ቢወርድም ተዉት።

የሚሄድ መኪና ለሚያምረው፦ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚሄድን መኪና ሹተሩን የሴኮንድ 1/60ኛ አድርጋችሁ፣ ከወገባችሁ እየዞራችሁ ተከተሉት። መኪናው ይቆማል፣ መንገዱ ይፈስሳል። ከመኪና መስኮት ወጥቶ ማንሳት ግን አይሞከር። ቀበቶ አስራችሁ፣ መስኮት ብቻ ከፍታችሁ።

ከመለጠፋችሁ በፊት ታርጋውን ሸፍኑ። የጋሼን ቮልስ ለጥፌ በሦስተኛው ቀን አንድ የማያውቁት ሰው በራቸውን አንኳኩቶ "ትሸጡታላችሁ?" ብሏቸዋል። እስካሁን አልማሩኝም።